ቡቺ፣ ዳመና እና የአማቴ እንዝርት

ባለፈው እትማችን ስለ ጓሮ አትክልት ስንጨዋወት፣ ጎመኔን ስለ ፈጀችብኝ አንዲት በግ ጣል አድርጌ ማለፌን ታስታውሱ ይሆናል። «ስለዚያች በግ አጫውቺን» ያላችሁኝ ጥቂት አይደላችሁም። ቃሌን ለመጠበቅ ብዕሬን ሳነሣ ግን ታሪኩ የሳቅ ብቻ ሆኖ አላገኘሁትም። ስለዚህ መጀመሪያ የሚያስቀውን፣ ቀጥሎም የማያስቀውን ልንገራችሁ።

በግን ለማዳ አድርጎ ቤት ውስጥ ማሳደግ ሲባል ፈገግ የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። በእኛ አገር በግ በበዓል ዋዜማ በገመድ እየተጎተተ ይመጣል፤ አንድ ሌሊት ሲጮኽ ያድራል፤ በማግስቱ ቆዳው አጥር ላይ ተሰጥቶ ይታያል። ስም ለማውጣት እንኳ ጊዜ የለም። ስም የወጣለት በግ ደግሞ፣ እናቶች ታውቁታላችሁ፣ ለማረድ አይመችም።

እኛ የምንኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ርቀን፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ብለን ስለምንኖር ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ማለዳ ሣሩ ውርጭ ለብሶ ይጠብቀናል። አማቴ ከመንዝ ወደ እኛ የመጡት በመስከረም 2010 ዓ.ም. ነበር። የባለቤቴ አባት ካረፉ በኋላ ብቻቸውን መኖሩ ከብዷቸው ነው። ከመኪና ሲወርዱ በገመድ የታሰረ ባናቸውንና በጨርቅ የተጠቀለለ እንዝርታቸውን ይዘው ነበር። በጋቢያቸው ውስጥ ደግሞ ዐይኗን የምታቁለጨልጭ ግራጫ ግልገል አቅፈዋል።

«እናቷ በወለደቻት በሦስተኛው ቀን ሞተችባት። ለማን ልተዋት?» አሉ።

ልጆቼ ሰላምታውንም ረስተው ግልገሏ ላይ ተረባረቡ። ትልቋ ልጄ «ዳመና ትመስላለች» አለች፤ በዚያው ዳመና ተባለች። እንግዲህ ስም ወጣላት ማለት ነው። ባለቤቴ ይህን ሲሰማ ወደ እኔ ዞር ብሎ «ለገና የሚሆን በግ ሌላ መግዛታችን ነው» አለኝ።

ግልገልን በጡጦ ማሳደግ ሕፃን ከማሳደግ አይተናነስም። ሌሊት ሁለት ጊዜ መነሣት አለ፤ ወተቱን ለብ ማድረግ አለ፤ ጡጦውን በፈላ ውሃ መቀቀል አለ። እናት የሞተችባት ግልገል ያጋጠማችሁ እንደሆነ አማቴ ያስተማሩኝን ልንገራችሁ፤ በመጀመሪያው ቀን እንገር ያልጠጣች ግልገል የመትረፍ ዕድሏ በጣም ጠባብ ነው። ግልገል ስትወለድ በሽታን የምትከላከልበት ኃይል በደሟ ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። የምታገኘው ከእናቷ እንገር ነው፤ ያንንም አንጀቷ የሚቀበለው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ብቻ ነው። አማቴ ይህን በላቦራቶሪ አላዩትም፤ ግን የዕድሜ ልክ እረኛ ናቸው። ዳመናም ደግነቱ ሦስት ቀን ከእናቷ ጠብታ ነበር።

ቡቺ በዚያን ጊዜ የሁለት ዓመት ውሻ ነበር። ስሙን እንደምታዩት ብዙ አልተጨነቅንበትም፤ ከሠፈራችን ውሾች ግማሾቹ ቡቺ ናቸው። መጀመሪያ ላይ ግልገሏን ሲያይ ጥርሱን አሳየ። አማቴ ግን ዱላ አላነሡም። ግልገሏን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ቡቺን በአንድ እጃቸው እያሻሹ ግማሽ ሰዓት ያህል ቁጭ አሉ። ይህንን አንድ ሳምንት በየማታው አደረጉ። በሁለተኛው ሳምንት ውርጭ በጣለበት ሌሊት ወጥቼ ሳይ፣ ዳመና ከእንጨት ማስቀመጫው ሥር ቡቺ ሆድ ላይ ተጋድማ ተኝታለች። ባለቤቴን ቀስቅሼ አሳየሁት። እርሱም ሌላ ጊዜ ለእንዲህ ያለ ነገር ቢቀሰቀስ የሚነጫነጭ ሰው፣ ዝም ብሎ ቆሞ አያቸው።

በግ ሞኝ ናት የሚባለውን ከዚያ ወዲህ አላምንም። ዳመና የትንሹን ልጄን ድምፅ ከሌሎች ልጆች ድምፅ ለይታ ታውቅ ነበር። ያኔ የስድስት ዓመት ልጅ ነበር። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ገና መንገድ ላይ እያለ ትጮኽለታለች። እኔ «የእኛዋ ልዩ ናት» ብዬ ነበር፤ ነገሩ ግን የበግ ሁሉ ጠባይ ኖሯል። በእንግሊዝ አገር ያሉ ተመራማሪዎች በ2001 እ.ኤ.አ. ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ባወጡት ጥናት፣ በጎች የሃምሳ ሌሎች በጎችን ፊት ለይተው ከሁለት ዓመት በላይ ማስታወስ እንደሚችሉ አሳይተዋል። በ2017 እ.ኤ.አ. ደግሞ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በጎች የሰዎችን ፊት ከፎቶግራፍ ላይ እንዲለዩ አስተምረዋቸዋል። በቤተ ክርስቲያን ስለ በግና ስለ እረኛ ስንት ስብከት ሰምተናል! በጎቹ የእረኛቸውን ድምፅ ያውቃሉ ሲባል ምሳሌ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ጓሮዬ ውስጥ በየቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሲሆን አየሁት።

ጥፋቷም ብዙ ነበር። ጎመኔን ሦስት ጊዜ አጋጨችብኝ። የትልቋን ልጄን የሰንበት ትምህርት ደብተር ግማሹን በላች። ከሁሉ የሚያስፈራው ግን ፌስታል ነው። ከተማ ውስጥ በግ የምታረቡ ሁሉ ተጠንቀቁ። ጨው ወይም የምግብ ሽታ ያለበትን ፌስታል በግ ትውጠዋለች፤ ሆዷ ውስጥ አይፈጭም፣ አይወጣም፤ ቀስ በቀስ ተከማችቶ ምግብ ይከለክላታል። ልጆቹ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ግቢውንና በራችንን ዙሪያ ፌስታል እንዲለቅሙ ሥራ ሰጠናቸው። ከሣርና ከድርቆሽ ሌላ ፉርሽካ እንሰጣታለን። እኛ ቤት ጠላ ስለማይጠመቅ አተላ የምትልክልን ጎረቤታችን ነበረች፤ ዳመናም ለበዓል ሰሞን ጎረቤት ቤት መሄድ ትወድ ነበር። ይህን ለሽማግሌዎቻችን እንዳትነግሩብኝ።

እስቲ አሁን ወደ እንዝርቱ ልመለስ።

የመንዝ በግ ትንሽ ናት፤ ላቷ ግን ወፍራም ነው። ብርድ አገር የተፈጠረች ስለሆነች ጠጉሯ ረዥምና ሻካራ ነው፤ ከሥሩ ደግሞ ለስለስ ያለ ሱፍ አለው። አማቴ አገር ሴቶች ይፈትላሉ፤ ወንዶች ይሸምናሉ። ከዚህም ባናና በርኖስ ይሠራል። በርኖስ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ያ ትከሻው ላይ ሾል ያለው ጥቁሩ ካባ ነው። የአማቴ ባና ከእኔ ዕድሜ ይበልጣል፤ ሲያነሡት ይከብዳል፤ ከሥሩ ለተኛ ግን ደብረ ብርሃን ቆላ ይሆንለታል። በከተማችን በንጉሡ ዘመን የተቋቋመ የብርድ ልብስ ፋብሪካ አለ፤ ብርድ ልብሱም ስመ ጥር ነው። አማቴ ግን ፊታቸውን አጨማድደው «እሱ ለእንግዳ ይሁን» ይላሉ።

ዳመናን ለመጀመሪያ ጊዜ የሸለትናት በመጋቢት 2010 ዓ.ም. ብርዱ ከተሰበረ በኋላ ነበር። በተራ መቀስ ነው። ጠጉሯ ሁሉ አንድ ኪሎ አልሞላም። የዚያን ቀን ያየሁትን ትዕግሥት በሌላ ሥራ ላይ አላየሁም። አማቴ መጀመሪያ ጠጉሩ ላይ የተጣበቀውን እሾህና ገለባ አንድ በአንድ ለቀሙ። ከዚያ ለብ ባለ ውሃ ነከሩት። እኔ ልሸው ስል እጄን መታ አደረጉ። «ካሸሽው ይጠቀጠቃል፣ ጨርቅ ይሆናል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ የበግ ጠጉር እያንዳንዱ ዘለላ በአጉሊ መነጽር ሲታይ እንደ ዓሣ ቅርፊት ያለ ነገር አለው፤ በሙቅ ውሃ ሲታሽ ቅርፊቱ እርስ በርሱ ይያያዝና አይላቀቅም። የሱፍ ሹራብ አጥባችሁ ለአሻንጉሊት የሚሆን ልብስ ከገንዳው ያወጣችሁ እናቶች ምክንያቱ ይኸው ነው።

አማቴ የሚያጥቡት በሳሙና ሳይሆን በእንዶድ ነበር። እግረ መንገዴን ይህን ላንሣ፤ ስለ እንዶድ ዓለም እንዲያውቅ ያደረጉት የአገራችን ሳይንቲስት ዶክተር አክሊሉ ለማ ናቸው። በ1964 እ.ኤ.አ. ዐድዋ አካባቢ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ያሉት የውሃ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው፣ እንዶድ የቢልሃርዚያን ተሸካሚ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ያረጋገጡት እርሳቸው ናቸው። አማቴ ይህን ስነግራቸው «ቀንድ አውጣ የለብንም» ብለው መታጠቡን ቀጠሉ።

ጠጉሩ በጥላ ከደረቀ በኋላ በጣት ይፍታታል፤ ቀጥሎ በደጋን ይነደፋል። የደጋኑ ጅማት ድም፣ ድም ሲል ጠጉሩ እየተነፋ እንደ አረፋ ይሆናል። ቡቺ ያንን ድምፅ አይወድም፤ ጭራውን ቆልፎ ከግቢ ይወጣል። ዳመና ግን ራሷ ጠጉር ላይ መጥታ ልትተኛ ትፈልግ ነበር። ከዚያ እንዝርት ነው። አማቴ እንዝርቱን ጭናቸው ላይ አሽከርክረው ሲለቁት ክሩ ከጣታቸው የሚወርድ እንጂ የሚሠራ አይመስልም። እኔ ስሞክር ሦስት ስንዝር ሳይሞላ ተበጠሰ። ጠበቅ ሳደርገው ተጠቀለለ፣ ላላ ሳደርገው ተበጠሰ። ትንሹ ልጄ ከእኔ ቀድሞ ቻለው። እውነቱን ለመናገር ተናድጄ ነበር። አማቴ ሁለት ክር ፈትለው ሁለቱን አንድ ላይ ወደ ተቃራኒው አዙረው ያከሩታል፤ ይህ ክሩ እንዳይፈታና እንዳይሳሳ ያደርገዋል። ከዚያ በኋላ ያለው የእኔ ሥራ ነው፤ ሹራብ መሥራት ከእናቴ ተምሬአለሁ። ከመጀመሪያው ጠጉር ለትንሹ ልጄ እጅጌ የሌለው ሹራብ ጀመርኩ። የመንዝ ጠጉር ገላን ይኮሰኩሳል፤ በሸሚዝ ላይ ግን ከሱቅ ከሚገዛው ይሞቃል። ሱፍ የክብደቱን ሲሶ ያህል እርጥበት ጠጥቶ እንኳ የረጠበ አይመስልም፤ እረኞች በዝናብ በርኖስ የሚለብሱት አለምክንያት አይደለም። ሹራቡ ደረቱ ላይ ሲደርስ ክሩ አለቀ። «በሚቀጥለው ሽልት እንጨርሰዋለን» ብዬ በከረጢት አስቀመጥኩት።

የማያስቀው እዚህ ይጀምራል።

በታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. አንድ ቀን ዳመና ልጄን ለመቀበል ወደ በሩ ስትሄድ አቅጣጫዋን ስታ አጥሩን በግንባሯ መታችው። ሳቅን። በማግስቱ አንገቷን ወደ ግራ አዘንብላ ቆመች። በሦስተኛው ቀን በግቢው መካከል ወደ ግራ መዞር ጀመረች፤ እየዞረች፣ እየዞረች፣ ሣሩ ላይ ክብ መንገድ አወጣች። ልጄ ስሟን ሲጠራ ጆሮዋ ይቆማል፤ እግሯ ግን ወደ እርሱ አይመጣም። ቡቺ ከጎኗ አብሯት ይዞር ነበር። አማቴ ከደጃፍ ሆነው አዩና አንዲት ቃል ብቻ ተናገሩ፤ «አዙሪት»።

የእንስሳት ሐኪሙ መጣ። ጭንቅላቷን በጣቱ ዳበሰ፤ በአንዱ በኩል አጥንቱ ሳስቶ ነበር። ከዚያ ቡቺን አየና ጠየቀኝ፤

«እህቴ፣ ለበዓል ስታርዱ ጭንቅላቱን ምን ታደርጉታላችሁ?»

ምን እናደርገዋለን? ሁላችን የምናደርገውን ነው። እኛ ቤት የበግ ጭንቅላት አይበላም። በ2010 ፋሲካ ከገበያ የገዛነውን በግ ስናርድ ጭንቅላቱን ለቡቺ የወረወርኩለት እኔ ነበርኩ። «እርሱም በዓሉን ያክብር» ብዬ።

ሐኪሙ ያስረዳኝን በተቻለኝ መጠን ልግለጽላችሁ። የኮሶ ትልን ሁላችን እናውቃለን፤ ጥሬ ሥጋ ያመጣብናል። የዚያ ትል የቅርብ ዘመድ የሆነ ሌላ ትል አለ፤ እርሱ የሚኖረው በውሻ አንጀት ውስጥ ነው። ውሻውን እምብዛም አያሳምመውም፤ እንቁላሉ ግን ከውሻው ዓይነ ምድር ጋር ወጥቶ ሣር ላይ ይቀራል። በጓ ሣሩን ስትግጥ እንቁላሉን አብራ ትውጣለች። ከእንቁላሉ የወጣው እጭ በደሟ አድርጎ እስከ አንጎሏ ይጓዛል፤ በዚያም ውሃ እንደ ሞላ ፊኛ ሆኖ ለወራት ያድጋል። አንጎሏን ሲጫነው መዞር ትጀምራለች። ብዙ ጊዜ የሚይዘውም ሁለት ዓመት ያልሞላቸውን ነው። ያቺ በግ ታርዳ ጭንቅላቷ ለውሻ ከተወረወረ ደግሞ፣ ፊኛው ውስጥ ያሉት እጮች በውሻው አንጀት ትል ይሆናሉ፤ ዙሩ እንደገና ይጀምራል። በሽታውን ከውሻ ወደ በግ፣ ከበግ ወደ ውሻ የምታመላልሰው በመሐሉ ያለችው የእኛ እጅ ናት።

«ከእናንተ ውሻ ይሁን ከጎረቤት ውሻ ማወቅ አይቻልም» አለኝ ሐኪሙ፤ አጥራችንም ቀዳዳ ነበረው። ሊያጽናናኝ እንደሆነ ገባኝ። አልተጽናናሁም።

ቀጥሎ የነገረኝ ደግሞ እንቅልፍ የነሣኝ ነው። በበግ ጉበትና ሳንባ ላይ ውሃ የቋጠረ እብጠት አይታችሁ አታውቁም? እኛ አራጁ ቆርጦ «ይህ ለውሻ» ብሎ ሲወረውረው እናያለን። ይህ የሌላ ትል ነው፤ እርሱም ውሻ ውስጥ ይራባል፤ የእርሱ እንቁላል ግን በሰው ላይም ይይዛል። ከውሻው ጠጉር ወደ ልጅ እጅ፣ ከእጅ ወደ አፍ ይገባል፤ በሰው ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ያንኑ እብጠት ይሠራል። ዓመታት ሙሉ ሳይታወቅ ያድጋል፤ ብዙ ጊዜ የሚወጣውም በቀዶ ሕክምና ነው። ትንሹ ልጄ ከቡቺና ከዳመና ጋር አንድ ላይ ሲንከባለል የሚውል ልጅ ነው፤ እንጀራውን እንኳ ለቡቺ እያጎረሰ በዚያው እጅ ራሱ የሚጎርስ። በማግስቱ ሁለቱንም ልጆች ወስጄ በአልትራሳውንድ አስመረመርኳቸው። ተራችን እስኪደርስ የጠበቅነው አንድ ሰዓት ያህል ነው፤ ለእኔ ግን ሌላ ርዝመት ነበረው። ጌታ ይመስገን፣ ምንም አልተገኘባቸውም።

ባለቤቴ የዚያን ማታ «ውሻው ይውጣ» አለ። እኔም ልቤ ወደዚያው አዘንብሎ ነበር። የተከራከሩት አማቴ ናቸው። «ውሻው ምን አጠፋ? የሰጣችሁትን በላ። የሰጠ ሰው ይውጣ ከተባለ ማን ይቀራል?» አሉ። ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም። እርሳቸው ግን ወደ እኔ አልነበረም ያሉት፤ እርሳቸውም በመንዝ ዕድሜ ልካቸውን ሲወረውሩ እንደ ኖሩ ቀስ ብለው ጨመሩ።

ዳመናን ለማዳን አንዳንድ ጊዜ የራስ ቅሉን ከፍቶ ፊኛውን ማውጣት እንደሚቻል ሐኪሙ ነግሮናል። የእርሷ ግን ቆይቷል፤ ወዲያው መቆምም አቃታት። በጡጦ ውሃ እናጠጣት ጀመር፤ እንደ ግልገልነቷ። በሁለተኛው ሳምንት እሁድ ማታ ባለቤቴ «ነገ ነው» አለኝ።

በዚያን ማታ በቤተሰብ ጸሎታችን ላይ ተራው የሁለተኛ ሳሙኤል 12ኛው ምዕራፍ ሆኖ ተገኘ፤ ነቢዩ ናታን ለዳዊት የነገረው የድሃው ሰው በግ ታሪክ። አስበን የመረጥነው አይደለም፤ በተርታ የምናነበው ነው። ባለቤቴ ሊዘለው ፈልጎ ነበር፤ ትልቋ ልጄ ግን ጀምራዋለች። ከድሃው ሰው ማዕድ ስለምትበላውና በእቅፉ ስለምትተኛው በግ ስታነብ ድምፅዋ ተቆራረጠ። ትንሹ እስኪጨርሱ ዝም ብሎ ሰምቶ ጠየቀ።

«የድሃው ሰው በግ ታማ ነበር እንዴ?»

«አይ፣ ጤነኛ ነበረች» አለው አባቱ።

«ታዲያ እሷን ሀብታሙ ሰውዬ ወሰዳት። የእኛዋን ማነው የወሰዳት?»

ማንም ሳይመልስ ጸለይንና ተኛን። በኋላ፣ ልጆቹ ካንቀላፉ በኋላ ሳይሆን በማግስቱ ጠዋት፣ ትንሹን አጠገቤ አስቀምጬ ጭንቅላቱን የወረወርኩት እኔ መሆኔን ነገርኩት። ረዥም ጊዜ አየኝ። «አታውቂም ነበር?» አለኝ። አላውቅም ነበር አልኩት። ወጥቶ ሄደ፤ ያን ቀን ሙሉ አላናገረኝም።

አማቴ ከመታረዷ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ ሸለቷት። ሥጋዋን ሐኪሙ አልከለከለም ነበር፤ እኛ ግን አልቻልንም፤ ጥልቅ ጉድጓድ አስቆፍረን ከነጭንቅላቷ ቀበርናት። አማቴ «ሥጋ ሲቀበር አይቼ አላውቅም» ብለው ቅር አላቸው። ብዙ ሰው ሥጋ በማያገኝበት አገር ቅሬታቸው ትክክል ነው፤ እስከ አሁንም ያን ቀን ትክክል ማድረጋችንን እርግጠኛ አይደለሁም። ጭንቅላቷን መቅበራችን ግን ትክክል ነበር።

ውድ እናቶችና አባቶች፣ በዓል በደረሰ ቁጥር በየደጃችን በግ ይታረዳል። ጭንቅላቱን፣ ሳንባውን፣ እብጠት ያለበትን ጉበት ለውሻ አትወርውሩ። ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት ቅበሩት፤ አለዚያም አቃጥሉት። ለውሻ መስጠት ካለባችሁ በደንብ ቀቅላችሁ ስጡ። ለውሻችሁ ፕራዚኳንቴል የሚባለውን ኪኒን ከእንስሳት ሐኪም በክብደቱ ልክ አስለክታችሁ ስጡት፤ የእኛ ሐኪም በየስድስት ሳምንቱ ቢሆን ይመረጣል፣ ባይቻል ቢያንስ በየሦስት ወሩ ብሎናል። ኪኒኑን በዋጠ በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ የሚወጣውን ዓይነ ምድር ሰብስባችሁ አቃጥሉ። ልጆች ውሻ ወይም በግ ነክተው ሳይታጠቡ አይጉረሱ፤ ሰላጣና ጎመንም በደንብ ይታጠብ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱንም በየዓመቱ አትዝለሉ፤ ውሻ የነከሰው ሰው ቢያጋጥማችሁ ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ያህል እያጠባችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

ይህን ለጎረቤቶቻችን ስናገር መጀመሪያ የገጠመኝ ሳቅ ነው። «አባቶቻችን ሲወረውሩ ኖረው ምን ሆኑ?» አለኝ አንዱ። ክርክር አልገጠምኩም። የዳመናን ነገር ነገርኩት፤ እርሱም ቀደም ባለው ዓመት እየዞረ የሞተበት ጠቦት እንደ ነበረው አስታወሰ። በዚያ ዓመት ፋሲካ አራት ቤት ሆነን አንድ ጉድጓድ አስቆፈርን። ከአራቱ ሁለቱ እኛ የምናመልክበት የሚያመልኩ አይደሉም፤ ጉድጓዱ ላይ ግን አልተለያየንም። ቡና የተጠጣውም እዚያው ነው።

ሹራቡን ጨረስኩት። ሁለተኛው ጠጉር ከመጀመሪያው ጠቆር ያለ ስለ ነበር ከደረቱ በላይ ሌላ በግ ይመስላል። ልጄ ሦስት ክረምት ለበሰው፤ አሁን ቁመቱ ከእኔ በልጧል፤ ሹራቡ የጎረቤት ልጅ ላይ ነው ያለው። በግቢያችን ዛሬ ሁለት በጎች አሉ፤ አንዷ ከአዋሲ የተዳቀለች ስለሆነች ጠጉሯ ከዳመና ይበዛል። አዋሲ ከእስራኤል የመጣ የበግ ዝርያ ነው፤ በእኛ አካባቢ ከመንዝ በግ ጋር ይዳቀላል። አማቴ «ጠጉሯ ይለሰልሳል፣ ጠባይዋ ግን እንደዚያችኛዋ አይደለም» ይላሉ። ዐይናቸው ደክሟል፤ ክሩን የሚፈትሉት በጣታቸው እያዩ ነው። ቡቺም አርጅቷል፤ ጥርሱ ረግፎ ኪኒኑን በገንፎ ጠቅልለን እንሰጠዋለን፤ ገንፎውን ውጦ ኪኒኑን የሚተፋበት ቀን አለ።

የኪኒኑን ቀን እኔ በካሌንደር ላይ ምልክት አደርጋለሁ፤ እረሳዋለሁም። አማቴ ግን ከዳመና የተረፈች አንዲት ክር ከአልጋቸው ራስጌ ሰቅለዋል። ሳምንት ባለፈ ቁጥር አንድ ቋጠሮ ይቋጥራሉ። ትናንት ማታ ራት ላይ ክሩን ዳብሰው መጡና ልጄን ጠሩት።

«ስድስት ሞልቷል፤ ገንፎ ትሠራለህ ወይስ እናትህን ልጥራ?»

ተነሥቶ ድስቱን ጣደ።

ቸር ሰንብቱ።